የሙቀት ሚዛን ሠሪው ሳሙኤል ላንግሊ

ሌሊት በሀገር መንገድ የነዳ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። የመኪና መብራት የሚገልጠው ብርሃኑ የደረሰበትን ያህል ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ጨለማ ምን እንደያዘ የሚታወቀው ሲደርሱበት ነው። ከበረት ያመለጠ በሬ፣ ሲመሽ ወደ ቤቱ ያልተነዳ አህያ፣ ከጫካ ወጥቶ መንገድ የሚሻገር አጋዘን፣ ሁሉም በድንገት ከመብራቱ ውስጥ ብቅ ይላሉ። ነገሩ በሒሳብ ሲታይ ይበልጥ ያሳስባል። አጭር መብራት ጥቁር ገላ ያለውን እንስሳ ቢያሳይ ከ50 እስከ 60 ሜትር ድረስ ነው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና ደግሞ በየሰከንዱ 22 ሜትር ይሄዳል፤ ነጂው አይቶ እግሩን ፍሬኑ ላይ እስኪያሳርፍ አንድ ሰከንድ ተኩል ቢፈጅበት 33 ሜትር፣ ፍሬኑ በደረቅ አስፋልት ላይ መኪናውን እስኪያቆመው ሌላ 35 ሜትር ያህል ያልፋል። ድምሩ 68 ሜትር ነው። እንግዲህ ነጂው እንስሳውን ባየበት ቅጽበት ጊዜው አስቀድሞ አልፎበታል ማለት ነው።

ይህን ጉድለት ለመሙላት ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአንዳንድ መኪኖች ላይ ብርሃን የማይሻ፣ ከእንስሳው ገላ በሚወጣው ሙቀት ብቻ ምስል የሚሠራ ካሜራ መግጠም ተጀመረ። ዛሬ በእነዚህ የሙቀት ካሜራዎች በአብዛኞቹ ውስጥ ያለው ሙቀት ተቀባይ ክፍል ቦሎሜትር ይባላል። ስሙንም መሣሪያውንም ለዓለም ያበረከተው አሜሪካዊው ሳሙኤል ፒየርፖንት ላንግሊ ነው። ይሁን እንጂ የላንግሊ ስም ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ይህን መሣሪያ አይደለም። የሚያስታውሰው በ1903 ዓ.ም. ከአንድ የጀልባ ጣሪያ ላይ ተወንጭፎ ፖቶማክ ወንዝ ውስጥ የወደቀውን አውሮፕላኑን ነው።

ላንግሊ ነሐሴ 22 ቀን 1834 ዓ.ም. በቦስተን ከተማ አጠገብ በምትገኘው በሮክስበሪ ተወለደ። አባቱ ነጋዴ ሲሆን ቤተሰቡም ከጥንት ጀምሮ በዚያው በማሳቹሴትስ የኖረ ነበር። ልጁ ገና በለጋ ዕድሜው በአባቱ ቴሌስኮፕ ከዋክብትን መመልከት ይወድ ነበር ይባላል። በ1851 ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ከፈጸመ በኋላ ግን ዩኒቨርሲቲ አልገባም። በኋለኛ ዘመኑ ታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች የክብር ዲግሪ ሲሸልሙት የኖረው ይህ ሰው አንዲትም የከፍተኛ ትምህርት ዲግሪ በፈተና አላገኘም። የሥራ ሕይወቱን የጀመረው በምሕንድስናና በሕንፃ ንድፍ ሥራ ነው፤ በሴንት ሉዊስና በቺካጎ ከተሞች ከአሥር ዓመት በላይ በዚሁ ሙያ ሲሠራ ቆየ። የንድፍ ሠራተኛ እጅ ያተረፈለት ጥቅም በኋላ በግልጽ ታይቷል፤ የፀሐይን ነቁጦች እያየ የሳላቸው ሥዕሎች ፎቶግራፍ ሊያሳይ ያልቻለውን ዝርዝር የሚያሳዩ በመሆናቸው ለብዙ ዓመታት በመጻሕፍት ሲታተሙ ኖረዋል።

በ1864 ዓ.ም. ወደ ትውልድ ሀገሩ ተመልሶ ከወንድሙ ከጆን ጋር በገዛ እጃቸው ቴሌስኮፕ ሠሩ። መስተዋቱን ጠርበው፣ ለውሰው፣ ልክ አልመጣ ሲል አፍርሰው እንደገና ይጀምሩ ነበር። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ወንድማማቾች በአውሮፓ ተዘዋውረው የምርምር ጣቢያዎችንና ቤተ መዘክሮችን ጎበኙ። ላንግሊ ከጉዞው ሲመለስ በሃርቫርድ የከዋክብት መመልከቻ ጣቢያ በረዳትነት ተቀጠረ፤ ቀጥሎም በአናፖሊስ የባሕር ኃይል ትምህርት ቤት ጥቂት ጊዜ ሠርቶ በ1867 ዓ.ም. በፒትስበርግ አጠገብ የሚገኘው የአለጌኒ ጣቢያ ዳይሬክተር ሆነ። ዕድሜው 33 ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር።

የአለጌኒ ጣቢያ ስሙ ጣቢያ ይባል እንጂ ከአንድ ጥሩ ቴሌስኮፕ በቀር እዚህ ግባ የሚባል መሣሪያ አልነበረውም። ገንዘብም አልነበረም። ላንግሊ ለችግሩ ያገኘው መፍትሔ የመሐንዲስ መፍትሔ ነው። በዚያ ዘመን የባቡር ኩባንያዎች እያንዳንዱ ከተማ በየራሱ ሰዓት ስለሚመራ ከፍ ያለ ችግር ነበረባቸው፤ በአንድ ሐዲድ ላይ የሚጓዙ ሁለት ባቡሮች ነጂዎች ሰዓት ከተለያየ ውጤቱ ግጭት ነው። ላንግሊ ከዋክብትን በመመልከት ትክክለኛውን ሰዓት እያሰላ በቴሌግራፍ ለባቡር ድርጅት መሸጥ ጀመረ። ከ1869 ዓ.ም. ጀምሮ የፔንሲልቫኒያ ባቡር ኩባንያ ባቡሮች በአለጌኒ ሰዓት ተጓዙ፤ የተገኘውም ገቢ ለጣቢያው ምርምር ዋለ። ዊልያም ቶ የተባለ የፒትስበርግ ባለጸጋም ደግ እጁን ሳያጥፍ ለዓመታት ረዳው።

ገንዘቡ ከተገኘ በኋላ ላንግሊ ፊቱን ወደ ፀሐይ አዞረ። የሌሎች የከዋክብት ሊቃውንት ጥያቄ ፀሐይ የት ናት፣ እንዴትስ ትንቀሳቀሳለች የሚል ነበር፤ የእሱ ጥያቄ ግን ከፀሐይ የሚመጣው ኃይል ምን ያህል ነው፣ በብርሃኑም ቀለማት መካከል እንዴት ተከፋፍሏል የሚል ሆነ። ዊልያም ሄርሸል በ1800 ዓ.ም. የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም በትኖ በየቀለሙ ላይ ቴርሞሜትር ሲያኖር፣ ከቀዩ ቀለም ወዲያ ዓይን ምንም በማያይበት ሥፍራ ቴርሞሜትሩ ከፍ ሲል ተመልክቶ ነበር። ይህ ኢንፍራሬድ ወይም ታሕተ ቀይ የሚባለው ጨረር ነው። ሞቃት ነገር ሁሉ፣ የሰው ገላም ቢሆን የበሬ ገላ፣ ይህን ጨረር ያለማቋረጥ ይረጫል። ነገር ግን እስከ ላንግሊ ዘመን ድረስ ጨረሩን በጥራት የሚለካ መሣሪያ አልነበረም። ቴርሞሜትር ፈዛዛ ነው፤ ከሁለት የተለያዩ ማዕድናት የሚሠራው ቴርሞፓይልም ቢሆን የተበተነውን ብርሃን በየቀጭን ሰንበሩ ለይቶ ለመለካት አቅም አነሰው።

ላንግሊ ከ1878 እስከ 1880 ዓ.ም. ድረስ ሲደክምበት የቆየው መሣሪያ መሠረቱ ቀላል ነው። ማዕድን ሲሞቅ ኮረንቲን የመቃወም ኃይሉ ይጨምራል። እንግዲህ እጅግ የሳሳ የማዕድን ጥብጣብ ወስዶ፣ ሙቀቱን ሁሉ እንዲውጥ በጥላሸት አጥቁሮ፣ ኮረንቲ ቢያሳልፉበትና ጨረር ቢያርፍበት የኮረንቲው ለውጥ የጨረሩን ልክ ይናገራል። አስቸጋሪው ነገር ጥብጣቡ የሚሞቀው በሚፈለገው ጨረር ብቻ አለመሆኑ ነው። የክፍሉ አየር፣ የተመልካቹ ትንፋሽ፣ ራሱ ኮረንቲውም ያሞቀዋል። ላንግሊ ይህን ያሸነፈው ሁለት ፍጹም ተመሳሳይ ጥብጣቦች ሠርቶ አንዱን ለጨረሩ በማጋለጥ፣ ሁለተኛውን በመጋረድ ነው። ሁለቱ በኤሌክትሪክ ድልድይ ግራና ቀኝ እንደ ሚዛን ሳህኖች ተቀመጡ። ሁለቱን እኩል የሚያሞቅ ነገር ሁሉ እርስ በርሱ ይጣፋል፤ መርፌውን የሚያንቀሳቅሰው በመካከላቸው ያለው ልዩነት ብቻ ነው። መሣሪያውን በመጀመሪያ ሚዛን ብሎ መጥራቱ ስለዚህ ነበር። ቦሎሜትር የሚለውን ስም ከግሪክኛ ወስዶ የሰጠው ቀጥሎ ነው።

ጥብጣቦቹ በመጀመሪያ ከብረት፣ በኋላ ከፕላቲነም ተሠሩ። ከሳሱ አይቀር እጅግ መሳሳት ነበረባቸው፤ ምክንያቱም ወፍራም ብረት ለመሞቅ ጊዜ ይወስዳል፣ የሳሳው ግን ወዲያው ሞቆ ወዲያው ይበርዳል። ይህ ነጥብ ኋላ ለሚመጣው ነገር ሁሉ ቁልፍ በመሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። ቦሎሜትር ባነሰ መጠን ይሻላል። በ1881 ዓ.ም. መሣሪያው ለሊቃውንት ማኅበር በይፋ ሲገለጽ ከአንድ ዲግሪ መቶ ሺህ እጅ አንዱን ያህል የሙቀት ለውጥ ለመለየት ይችል ነበር።

ስለ መሣሪያው ስሜት ከሚነገሩት ታሪኮች ሁሉ የታወቀው የላሟ ታሪክ ነው። የላንግሊ ቦሎሜትር በ400 ሜትር ርቀት ላይ በመስክ የቆመች ላም ከገላዋ የሚወጣውን ሙቀት ለመለየት ችሏል ተብሎ ይተረካል፤ በተማሪዎች ዘንድም የቀልድ ግጥም እስኪገጠምበት ድረስ ተወራ። ዘመኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። የካርል ቤንዝ ባለ ሦስት እግር መኪና የፈጠራ መብት ያገኘው በ1886 ዓ.ም. ነው። ላሟ በሩቅ የታየችው በመንገድ ላይ የሚገጫት መኪና ከመፈጠሩ በፊት መሆኑ ነው።

ላንግሊ ግን ላም ለመፈለግ አልተነሣም ነበር። በ1881 ዓ.ም. ክረምት መሣሪያዎቹን በባቡር፣ ቀጥሎም በበቅሎ አስጭኖ ካሊፎርኒያ ውስጥ ወዳለው 4,400 ሜትር ከፍታ ወዳለው የዊትኒ ተራራ ወጣ። ዓላማው ከተራራው ግርጌና ከላይ ሆኖ የፀሐይን ጨረር በመለካት አየሩ ምን ያህሉን እንደሚያስቀር ማወቅ ነበር። በዚያ በሳሳው አየር ውስጥ የፀሐይ ታሕተ ቀይ ጨረር ሊቃውንት ከገመቱት እጅግ ርቆ እንደሚዘልቅ ተገነዘበ። ከጉዞው ያገኘው ዋናው ቁጥር ግን ስሕተት ነበር። ከአየር ውጭ በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ በደቂቃ የሚያርፈው የፀሐይ ኃይል 3 ካሎሪ ነው ብሎ አወጀ፤ ትክክለኛው ልክ 2 ያህል ነው። አየሩ ለሚያስቀረው ሙቀት ማካካሻ ሲያሰላ ከሚገባው በላይ ጨምሮበት ነበርና፣ ስሕተቱን ያረሙት በኋላ በእርሱ መሣሪያና በእርሱ ተቋም የሠሩ ተተኪዎቹ ናቸው።

ከዚህ ይልቅ ፍሬ ያፈራው በጨረቃ ላይ የሠራው ሥራ ነው። ጨረቃ ከፀሐይ የተቀበለችውን ብርሃን መልሳ ከማንጸባረቋ ሌላ የራሷ ወለል ሞቆ ታሕተ ቀይ ጨረር ይሰድዳል፤ ይህ ጨረር በባሕርዩ ከፀሐይ ጨረር ይልቅ ከእንስሳ ገላ ለሚወጣው ይቀርባል። ላንግሊና ረዳቱ ፍራንክ ቬሪ እንዲህ ያለውን ጨረር በመስተዋት ፕሪዝም መበተን አልቻሉም፤ መስተዋት ለዓይን ጥርት ያለ ቢሆንም ለዚህ ጨረር እንደ ግድግዳ ነው። ስለዚህ ፕሪዝማቸውንና ሌንሳቸውን ከጥሩ የማዕድን ጨው፣ ከአሞሌው ዘመድ፣ አስጠርበው ሠሩ። ጨው እርጥበት በነካው ቁጥር ስለሚደበዝዝ በየጊዜው እንደገና መወልወል ነበረበት። በዚህ አድካሚ ሥራ የጨረቃ ሙቀት የምድርን አየር አልፎ እንደሚደርስና አየሩ የትኛውን የጨረር ክፍል እንደሚያግድ፣ የትኛውንም እንደሚያሳልፍ ለመለካት በቁ። ስዊድናዊው ስቫንቴ አሬኒየስ በ1896 ዓ.ም. የከሰል ጭስ የምድርን ሙቀት ምን ያህል ሊያሳድግ እንደሚችል ያሰላው የላንግሊን የጨረቃ ቁጥሮች ይዞ ነው።

በ1887 ዓ.ም. ላንግሊ በዋሽንግተን የሚገኘው የስሚዝሶኒያን ተቋም ዋና ጸሐፊ ሆኖ ተሾመ፤ የጸሐፊነቱ ሥልጣን የተቋሙ የበላይነት ነበር። በዚያም በ1890 ዓ.ም. የፀሐይን ምርምር የሚቀጥል ጣቢያ መሠረተ፤ የቦሎሜትሩን መርፌ እንቅስቃሴ በዓይን መከታተል ቀርቶ በተንቀሳቃሽ የፎቶግራፍ ሰሌዳ ላይ በራሱ እንዲመዘገብ ተደረገ። በ1900 ዓ.ም. የታተመው የታሕተ ቀይ ካርታ ከ700 በላይ መስመሮችን የያዘ ነበር። በእሱ አመራር ጊዜ የተገኘ አንድ ሌላ ነገር አለ። ከጥይት ተርፈው የቀሩት ጥቂት የአሜሪካ ጎሾች ከተቋሙ ሕንፃ በስተኋላ በአጥር ውስጥ ይኖሩ ነበር፤ በ1889 ዓ.ም. ምክር ቤቱ ባወጣው ሕግ የብሔራዊ የእንስሳት ፓርክ ሲቋቋም ላንግሊ ከዋነኞቹ ደጋፊዎች አንዱ ነበረ።

በጠባዩ ኩሩና ዓይን አፋር ነበር። ትዳር አልያዘም፤ የቅርብ ወዳጆቹም ጥቂቶች ነበሩ። በሠራተኞቹ ላይ ጥብቅ፣ በራሱም ላይ የባሰ ጥብቅ ሰው ነበር።

ስለ በረራው ብዙ ስለተጻፈ እዚህ አጠር አድርጎ ማለፍ ይበቃል። ላንግሊ ገና በአለጌኒ ሳለ በእንፋሎት ሞተር የሚዞር ረጅም ክንድ ሠርቶ አየር ክንፍን እንዴት እንደሚሸከም ሲለካ ቆይቶ ነበር። ግንቦት 6 ቀን 1896 ዓ.ም. 11 ኪሎ ያህል የሚመዝን፣ ሰው የሌለበትና በእንፋሎት ኃይል የሚሠራ ሞዴሉ ከጀልባ ጣሪያ ላይ ተነሥቶ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል በረረ፤ አሌክሳንደር ግራሃም ቤል በቦታው ተገኝቶ አይቷል። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ሌላው ሞዴል አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ሄደ። በሞተር የሚሠራ፣ ከአየር የከበደና ይህን ያህል የበረረ ነገር ከዚያ በፊት አልነበረም። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ የላንግሊ ስም ዛሬ ያለ አንዳች ነቀፋ ይነገር ነበር።

ነገር ግን በ1898 ዓ.ም. የጦር ሚኒስቴር 50,000 ዶላር ሰጥቶ ሰው የሚያነሣ አውሮፕላን እንዲሠራ ጠየቀው። ላንግሊም የተሳካውን ሞዴል በአራት እጥፍ ያህል አሳድጎ ለመድገም ወሰነ። እያንዳንዱ ልክ አራት እጥፍ ሲያድግ የክንፉ ስፋት 16 እጥፍ ይሆናል፤ ክብደቱ ግን በዚያው ንድፍ ከሄደ 64 እጥፍ ይሆናል። በትንሹ ላይ ጠንካራ የነበረው ሰበዝ በትልቁ ላይ ይለመጣል። ረዳቱ ቻርልስ ማንሊ 52 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ ለዘመኑ ተወዳዳሪ የሌለው ሞተር ሠርቶለት ነበር፤ ደካማው ሞተሩ አልነበረም፣ አካሉ ነው እንጂ። አብራሪው መሣሪያውን የሚቆጣጠርበት ዘዴም በሚገባ አልታሰበበትም። ጥቅምት 7 ቀንና ታኅሣሥ 8 ቀን 1903 ዓ.ም. ማንሊን ጭኖ ሁለት ጊዜ ተወነጨፈ፤ ሁለት ጊዜም ወንዝ ውስጥ ወደቀ። ማንሊ ሁለቱንም ጊዜ በሕይወት ተረፈ። ከሁለተኛው ውድቀት ዘጠኝ ቀን በኋላ ራይት ወንድማማቾች በሰሜን ካሮላይና በረሩ።

ስድቡ ከባድ ነበር። ጋዜጦች ተሳለቁበት፤ የምክር ቤት አባሎች የሕዝብ ገንዘብ ወንዝ ውስጥ ጣለ እያሉ ከሰሱት። ላንግሊ እስከ መጨረሻው ጥፋቱ የማስወንጨፊያው ነው እንጂ የአውሮፕላኑ አይደለም ብሎ ያምን ነበር፤ በዚህም አልተሳሳተም ብሎ መከራከር ይቻላል፣ ነገር ግን የኋለኞቹ መሐንዲሶች አብዛኞቹ ክንፉ ያለ ወንዙም ባልዘለቀ ነበር ይላሉ። በ1905 ዓ.ም. ደግሞ በተቋሙ ውስጥ አንድ ሠራተኛ ለዓመታት ገንዘብ ሲያጎድል መቆየቱ ተገለጠ። ላንግሊ በበላይነቱ ኃላፊነቱን በራሱ ላይ ወስዶ ከዚያ በኋላ ደመወዙን አልቀበልም አለ። በዚያው ዓመት ስትሮክ መታው፤ የካቲት 27 ቀን 1906 ዓ.ም. ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ በምትገኘው በኤይከን ከተማ በ71 ዓመቱ ዐረፈ።

ወዳጆቹ ክብሩን ለመመለስ ያደረጉት ጥረት ነገሩን አባባሰው። በ1914 ዓ.ም. የወደቀው አውሮፕላን ተጠግኖ፣ ብዙ ነገሩም ተለዋውጦ ጥቂት ከውኃ ላይ እንዲነሣ ከተደረገ በኋላ፣ ተቋሙ የላንግሊ መሣሪያ ሰው ይዞ ለመብረር የሚችል የመጀመሪያው ነው የሚል ጽሑፍ ለጠፈበት። ኦርቪል ራይት ተቆጥቶ የራሱን አውሮፕላን በ1928 ዓ.ም. ወደ ለንደን ላከ። ተቋሙ በ1942 ዓ.ም. ስሕተቱን አምኖ በይፋ አረመ፤ የራይቶች አውሮፕላንም ወደ ሀገሩ የተመለሰው በ1948 ዓ.ም. ነው። በዚህ ሁሉ ጭቅጭቅ መካከል ቦሎሜትሩን ያነሣ ሰው አልነበረም።

ቦሎሜትሩ ግን ሥራውን አላቆመም። ለብዙ ዘመን የከዋክብት ተመልካቾችና የላቦራቶሪ ሰዎች መሣሪያ ሆኖ ቆየ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከፕላቲነም ይልቅ በሙቀት ለውጥ ተቃውሞው አብልጦ በሚለወጥ ቁስ ተሻሻለ። ታላቁ ለውጥ የመጣው በ1980ዎቹ ነው። ሃኒዌል የተባለው ኩባንያ ለጦር ኃይሉ በሚስጥር በሠራው ጥናት ጥብጣቡን በአሥር ማይክሮኖች ወደሚቆጠር ልክ አሳነሰው። በሲሊከን ላይ በሁለት ቀጫጭን እግሮች የተንጠለጠለች፣ ቫናዲየም ኦክሳይድ የተቀባች ጥቃቅን ሰሌዳ አንዷ ቦሎሜትር ናት፤ ከእነዚህም በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩት ጎን ለጎን ተደርድረው አየር በሌለበት ሳጥን ውስጥ ይታሸጋሉ። እያንዳንዷ አንድ የምስል ነጥብ ትሆናለች። ምስጢሩ በ1992 ዓ.ም. ተነሣ። አውሮፕላኑን አራት እጥፍ ማሳደግ የሰበረው ሰው፣ ሌላው መሣሪያው በመቶ ዓመት ውስጥ በብዙ እጥፍ እያነሰ ሲሄድ እየተሻሻለ መሄዱ ያስገርማል።

በመኪና ላይ መጀመሪያ የዋለው የሙቀት ካሜራ በ2000 ሞዴል ካዲላክ ላይ የተገጠመው ነው፤ የውስጡ ተቀባይ ቦሎሜትር ሳይሆን ሌላ ዓይነት ነበርና ከ2004 በኋላ ቀረ። ቦሎሜትር ያለበት ካሜራ በ2005 ዓ.ም. በቢ.ኤም.ደብልዩ. መኪኖች ላይ ገባ። በዚያው ጊዜ ቶዮታና መርሴዲስ የመረጡት ሌላ መንገድ ነበር፤ ዓይን የማያየውን ቅርብ ታሕተ ቀይ ብርሃን በፋኖስ እየረጩ ነጸብራቁን በካሜራ መቀበል። ይህኛው መንገድ የሚያሳየው ምስል ለዓይን የለመደ ነው፣ ጨረሩም መስተዋት ስለሚያልፍ ካሜራው ከፊት መስተዋቱ በስተጀርባ ሊቀመጥ ይችላል፤ ርቀቱ ግን ያንሳል። የሙቀት ካሜራው ያለ አንዳች ፋኖስ እስከ 300 ሜትር ድረስ ያያል። የ37 ዲግሪ ሙቀት ያለው ገላ አብዝቶ የሚሰድደው 9 ማይክሮን አካባቢ ያለውን ጨረር ሲሆን ይህም አየሩ ሳያግድ ከሚያሳልፈው መስኮት ውስጥ የሚወድቅ ነው። የላንግሊ የመስተዋት ችግርም እንዳለ ቀርቷል። የሙቀት ካሜራ ከፊት መስተዋት በስተጀርባ ቢቀመጥ ምንም አያይም፤ ስለዚህ ከራዲያተሩ ፊት ባለው ፍርግርግ አካባቢ ይተከላል። ሌንሱ በጨው ፋንታ ብዙውን ጊዜ ከጀርማኒየም ይሠራል። የተጋረደው ሁለተኛ ጥብጣብም አልተረሳም፤ ካሜራው በየጊዜው ለቅጽበት ዓይኑን የሚጨፍንበት ክዳን አለው፣ በጨለማው ውስጥ የራሱን ሙቀት ይለካና ከምስሉ ላይ ይቀንሰዋል።

ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ አንዳንድ መኪኖች ያዩትን ትኩስ ቅርጽ ሰው ነው ወይስ አራት እግር ያለው እንስሳ ብለው ለይተው ነጂውን ማስጠንቀቅ ጀመሩ። ለእግረኛ ብልጭ የሚለው መብራት በአንዳንዶቹ ላይ ለእንስሳ እንዳይበራ ተደርጓል፤ እንስሳ መብራት ሲያርፍበት ሊሸሽም፣ ደርቆ ሊቀርም፣ ወደ መኪናው ሊመጣም ይችላልና። ጉዳዩ ቀላል አይደለም። በ2008 ዓ.ም. ለአሜሪካ ምክር ቤት የቀረበ ጥናት በዚያች ሀገር በዓመት ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊዮን የሚደርሱ መኪኖች ከትላልቅ እንስሳት ጋር እንደሚጋጩ፣ 200 ያህል ሰዎችም እንደሚሞቱ ገምቷል። አጋዘን በብዛት ከሚገጭባቸው ክፍላተ ሀገር አንዱ ፔንሲልቫኒያ ነው፤ ቦሎሜትሩ የተፈለሰፈበት።

መሣሪያው የማይችለው ነገር ግን አለ፤ እሱንም ላንግሊ በሚገባ ያውቀው ነበር። ቦሎሜትር የሚለካው ሙቀትን ሳይሆን የሙቀትን ልዩነት ነው። በቀዝቃዛ ደጋ ሌሊት ላም ከጀርባዋ ካለው መስክ ተለይታ እንደ ፋኖስ ትታያለች። ጸጉሯ ወፍራም የሆነ በግ ግን ሙቀቷን ስለምታምቅ ፊቷና እግሯ ብቻ ጎልተው ይታያሉ። ቀን የፀሐይ ሙቀት ሲያቃጥለው የዋለ የቆላ አስፋልት፣ ድንጋይና አሸዋ ደግሞ ከመሸ በኋላም ለሰዓታት የእንስሳ ገላ ያህል ሞቆ ይቆያል። በእንዲህ ያለው ሥፍራ በአንዱ ሳህን ላይ ግመሉ፣ በሌላው ላይ መንገዱ ተቀምጦ ሚዛኑ እኩል ይሆናል፤ በነጂው ፊት ያለው ትንሽ መስኮትም ግራጫ ሆኖ ይቀራል።